ፓስፖርታቸውን ያስያዙት እንግዶች

ሊቁ፦ አንድ ጃኬት ነው የጠየቅኩህ። ግማሽ ስታዲየም ስጠኝ አላልኩህም።

ጭምቱ፦ እኔም አንድ መታወቂያ ነው የጠየቅኩህ።

ሊቁ፦ አስራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተን ዛሬ ማንነቴ ጠፋህ?

ጭምቱ፦ እኔማ አውቅሃለሁ። የማያውቅህ መዝገቡ ነው።

ሊቁ፦ እንግዲያው አስተዋውቀን።

ጭምቱ፦ ከመዝገብ ጋር የሚተዋወቁት በመታወቂያ ነው።

[ሊቁ ኪሶቹን አንድ በአንድ ይዳብሳል። የሚዳብሰው መታወቂያው ጠፍቶበት ሳይሆን ጭምቱ ታክቶት ይተወኛል ብሎ ነው። ጭምቱ አይታክተውም።]

ንትርኩ የተነሳው ከስታዲየሙ መቀመጫዎች ስር ባለው እቃ ቤት፣ በእቃ መስጫው መስኮት ላይ ነው። ከመስኮቱ ወዲያ የቆመው የክለቡ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም እኩል ስለሚያስረዳ ሁሉም «ሊቁ» ይለዋል። ከመስኮቱ ወዲህ፣ በሁለት የልብስ ማጠቢያ ማሽኖችና በመተኮሻው ጠረጴዛ መሀል ያለው ደግሞ እቃ ጠባቂው ነው። ማልያ ያጥባል፣ ይተኩሳል፣ ኳስ ይነፋል፣ እቃ ይሰጣል፣ ይቀበላል። ጥያቄ በተጠየቀ ቁጥር ከመመለሱ በፊት ካውያውን ስለሚያስቀምጥ «ጭምቱ» ተብሏል። በክለቡ ሰዎች አፍ ጭምት ማለት፣ «ዘገምተኛ» እንዳይሉት ይሉኝታ ሲይዛቸው የሚሉት ነው።

ደንቡን ጭምቱ አላወጣውም። በአንድ የጨዋታ ዘመን ሰባት ኳስና አንድ የሕክምና አልጋ የገቡበት ሲጠፋ፣ የክለቡ ፕሬዚዳንት ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ፈርሞ፣ ከመስኮቱ በላይ አስለጠፈው። እቃ የሚወስድ ሁሉ መታወቂያውን ያስይዛል፤ እቃውን ሲመልስ መታወቂያውን ይቀበላል። እቃው ካልተመለሰ፣ መታወቂያው የሚመለስበትን ምክንያት ባለቤቱ በእጁ በመዝገቡ ላይ ጽፎ ይፈርማል። በደንቡ መጀመሪያ የተያዘው ሰውም ፕሬዚዳንቱ ነበር፤ አንድ ፎጣ ለመውሰድ መታወቂያውን አስይዟል።

ሊቁ በመጨረሻ የክለብ መታወቂያውን በመስኮቱ ደፍ ላይ ጣል አደረገው። ጃኬቱን የፈለገው በምክንያት ነው። የዚያን ቀን ከባሕር ማዶ እንግዶች ይመጣሉ። የአንድ የውጭ ሀገር መንግሥት የክለቡን ማልያ ደረት ለሦስት ዓመት ሊገዛ ነው፤ አዲሱ ማልያ ታትሞ ደርሷል፤ ደረቱ ላይ የሀገሩ ስምና ከስሙ ስር «መጥታችሁ ጎብኙን» የሚል ተጽፏል። ሹፌሩም እንግዶቹን ተቀብሎ የሚያመላልሰው እሱ ስለሆነ፣ ሳይጠራም ቢሆን ራሱን ከተቀባዮቹ ቆጥሯል።

ጭምቱ፦ [አንዱን አዲስ ማልያ ዘርግቶ እያየ] ይኼ ሀገር እኛን ምን አይቶ ነው የወደደን? ባለፈው ዓመት እንኳ ከወራጅ ቀጠና ያዳነን ፈጣሪ ነው።

ሊቁ፦ ፍቅር አይደለም፣ ንግድ ነው። ይኸውልህ፣ ሀገሩ ስሙ ትንሽ ተጎድቷል። ጸሐፊ አሰሩ፣ ሠራተኛ አንገላቱ እየተባለ ይወራበታል። እና ስሙን በማልያ ላይ ሲያወጣው፣ ሰው ያንን ስም ሲሰማ የሚያስበው ጎል ይሆናል።

ጭምቱ፦ [ካውያውን ያስቀምጣል] ስሙን እኛ ጋ ሊያሳጥብ ነው?

ሊቁ፦ እንዲህ አፍርጠህ ካልከው…

ጭምቱ፦ ማጠብማ ሥራዬ ነው። ጭቃ ለብ ባለ ውሃ ይለቃል። ደም በቀዝቃዛ ነው የሚለቀው፤ እሱም የዕለቱ ከሆነ ነው። የሰነበተ ደም ግን ጨርቁን ብትጨርሰው እንጂ አይለቅም። የነሱ የመቼ ነው?

ሊቁ፦ እንግዳ ፊት እንዲህ ያለ ነገር እንዳትናገር ልመክርህ ነው የመጣሁት።

ጭምቱ፦ ለጃኬት የመጣህ መስሎኝ።

ሊቁ፦ ለሁለቱም። ስማኝ፣ ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም። የሊጉ ደንብ ነው።

ጭምቱ፦ ደንብማ ጥሩ ነው። ዛሬ የሚመጡት ሰዎች ሥራቸው ምንድን ነው?

ሊቁ፦ የመንግሥት ባለሥልጣናት ናቸው።

ጭምቱ፦ ሊጫወቱ?

ሊቁ፦ ሊፈርሙ።

ጭምቱ፦ ታዲያ የግራ ተከላካያችን ለምን ተቀጣ?

ግራ ተከላካዩ ባለፈው ወር ጎል አግብቶ ማልያውን ወደ ላይ ሲገልብ፣ ከስር በለበሰው ከናቴራ ላይ «ሠራተኞቹ ወደ ቤታቸው ይመለሱ» የሚል በቀለም ተጽፎ ታይቷል። ሊጉም ሁለት ጨዋታ ቀጥቶታል። ከናቴራውን ያጠበው ጭምቱ ነው፤ ቀለሙ ጥሩ ስለነበር እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ሊቁ፦ እሱ የጻፈው ፖለቲካ ነዋ።

ጭምቱ፦ ደረት ላይ መንግሥት ሲጻፍ ንግድ ነው፤ ከስር ሰው ሲጻፍ ፖለቲካ ነው።

ሊቁ፦ አሁን ገባህ።

ጭምቱ፦ ልዩነቱ የጨርቁ ነው ማለት ነው።

ሊቁ እንዲህ ያለውን መልስ ሲሰማ ያዝንለታል። ዛሬ ደግሞ ይበልጥ አዝኖለታል፤ ምክንያቱም የጭምቱን ጭንቀት ያውቃል። ክለቡ ውስጥ የማያውቅ የለም። የጭምቱ ታናሽ እህት ሥራ ፍለጋ የሄደችው ወደዚያው ሀገር ነው። የሰው ቤት ገብታ ስትሠራ አራት ዓመት ሆናት። የገባች ቀን አሠሪዋ ፓስፖርቷን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት፤ ልመለስ ባለች ቁጥር ምትክ ሠራተኛ ሲገኝ ይሏታል። ምትኩ አራት ዓመት ሙሉ አልተገኘም። እናታቸው ደግሞ ዓይናቸው እየደከመ ነው። አመሻሹ ላይ ምንም አያዩም፤ በቀን ብርሃን ብቻ የሰው ፊት ይለያሉ። ሐኪሙም ይህ ብርሃን ብዙ ወር እንደማይቆይ ነግሯቸዋል። እናትየው አያለቅሱም፤ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሳይዘጋብኝ የልጄን ፊት አንዴ ልየው።»

ሊቁ ስለ ፓስፖርቱም ማብራሪያ ነበረው። ነገሩ መብት መንፈግ ሳይሆን በአደራ ማስቀመጥ መሆኑን፣ ወጣት ሴት በሰው ሀገር ንብረቷን ልትጥል እንደምትችል፣ ሰብዓዊ መብት የሚባለውም ከሀገር ሀገር አየሩ እንደሚለያይ ሁሉ እንደሚለያይ አስረዳው። ጭምቱ ሁሉንም አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ።

ጭምቱ፦ ፓስፖርቱማ አልጠፋም። የጠፋችው እሷ ናት።

[አንዱ ማሽን መጭመቅ ይጀምራል፤ ሊቁ ድምፁን ከፍ ያደርጋል።]

ሊቁ፦ እሱን ለኔ ተወው። ዛሬ እኔ በዲፕሎማሲ አነሳዋለሁ።

ጭምቱ፦ እኔ ራሴ ብለምናቸውስ?

ሊቁ፦ ወንድሜ፣ አንተ አፍህን ከከፈትክ ውሉ ይፈርሳል። ውሉ ከፈረሰ ፕሬዚዳንቱ ያባርርሃል። እነዚህ ሰዎች የእቃ ጠባቂ ቃል አይሰሙም። ትልቅ ሰው የሚቀርበው በምስጋና ነው፤ መጀመሪያ ታመሰግነዋለህ፣ ከዚያ ልቡ ሲራራ ጉዳዩን ጣል ታደርጋለህ።

ጭምቱ፦ ብትረሳውስ? ጉዳዩን።

ሊቁ፦ እኔ?

ጭምቱ «ይሁን፣ ፈጣሪ ያሳካው» ብሎ ወደ ካውያው ተመለሰ።

እንግዶቹ አምስት ነበሩ። መሪያቸው ቁመቱ አጠር ያለ፣ ፈገግታው ሳይጠሩት የሚመጣ ሰው ነው። ቋንቋቸውን የምትተረጉም አንዲት አስተርጓሚ ማኅተምና ወረቀት የያዘ ቦርሳ ይዛ ትከተላቸዋለች። ውሉ ከተፈረመ በኋላ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሚሄዱ፣ ፓስፖርታቸውም ሻንጣቸውም አብሯቸው ነው።

ሊቁ የዲፕሎማሲ ዕድሉን ያገኘው ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ነው። የመሪውን እጅ ጨብጦ አልለቅም አለ። ስለ ሀገራቸው ጎዳና፣ ስለ ሕንጻዎቻቸው፣ አይቶት ስለማያውቀው ባሕራቸው አመሰገነ። ምስጋናው እየጣመው ሲሄድ፣ ጉዳዩ የሚጣልበት ቦታ አለፈው። ትዝ ሲለውም እጁን ይዞ እንዲህ አለ።

ሊቁ፦ እንግዳ ተቀባይነታችሁን ደግሞ ማን ይክዳል። የጓደኛዬ እህት ከእናንተ ዘንድ ገብታ አራት ዓመት ሙሉ አልተመለሰችም።

አስተርጓሚዋ ቃል በቃል ተረጎመችው። መሪው በጣም ደስ አለው። ልቡ እንደተነካ፣ እህቲቱን እንዲህ ከተመቻት ሌላ አራት ዓመት ብትቆይ በራቸው ክፍት መሆኑን ነገረው። ሌሎቹ አራቱም አጨበጨቡ። ሊቁም አብሮ አጨበጨበ፤ ምን እንዳጨበጨበ የገባው እጁን ካወረደ በኋላ ነው።

[እቃ ቤት። ሊቁ ከእንግዶቹ ቀድሞ እየሮጠ ይመጣል።]

ጭምቱ፦ ነገርካቸው?

ሊቁ፦ ነገርኳቸው።

ጭምቱ፦ ምን አሉ?

ሊቁ፦ [ጃኬቱን እያስተካከለ] በመርህ ደረጃ ደስ ብሏቸዋል።

ጭምቱ፦ ትመጣለች?

ሊቁ፦ ንግግሩ… ይቀጥላል። አሁን እሱን ተወውና ማልያ አምጣ፤ ለፎቶ ሊለብሱ ነው።

እንግዶቹ በመስኮቱ ፊት ተደረደሩ። ጭምቱ አምስት ማልያ በልካቸው መርጦ፣ አጣጥፎ ደረደረ። ከዚያም መዝገቡን ከፈተና ለሁሉም ሰው የሚለውን አለ፤ መታወቂያ። ሊቁ ከንፈሩን ነከሰ፣ በዓይኑ ጠቀሰው፣ በመጨረሻም በግልጽ እነዚህ የመንግሥት እንግዶች ናቸው አለው። ጭምቱ በጣቱ ወደ ላይ፣ ወደ ተለጠፈው ደንብ አመለከተ። አስተርጓሚዋ ደንቡን አንብባ ስትተረጉም፣ መሪው ሳቀ። ሥርዓት ያለው ክለብ መሆኑን አድንቆ፣ ሌላ መታወቂያ ስላልያዙ ሁሉም ፓስፖርታቸውን እንዲያስይዙ አዘዘ። ጭምቱ አምስቱን ፓስፖርቶች ቁጥራቸውን መዝግቦ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠና ቁልፉን አዞረ። ሊቁ ላቡን በጃኬቱ እጅጌ ጠረገ።

እስከዚህ ድረስ ማንም አልተጎዳም። ፎቶውም አማረ። ጥፋቱ የመጣው ከደጋፊዎቹ ጭብጨባ ነው። ከመቀመጫዎቹ ላይ ስማቸውን እየጠሩ ሲዘምሩላቸው፣ መሪው ጨዋታ ያሸነፈ ተጫዋች መሰለውና፣ ከሸሚዙ በላይ የለበሰውን ማልያ አውልቆ ወደ ደጋፊዎቹ ወረወረው። አለቃ ያደረገውን አለማድረግ አይቻልምና አራቱም ተከታትለው ወረወሩ። አምስቱ ማልያዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተወረወሩ ከደጋፊው መሀል ገቡና ውሃ በላቸው።

[እቃ ቤት። ሊቁ በመስኮቱ ግማሽ አካሉን አስገብቷል።]

ሊቁ፦ ፓስፖርቶቹን ስጠኝ። አውሮፕላናቸው ሊያመልጥ ነው።

ጭምቱ፦ ማልያዎቹስ?

ሊቁ፦ ወረወሯቸው።

ጭምቱ፦ ወዴት?

ሊቁ፦ ወደ ሕዝቡ።

ጭምቱ፦ ሕዝቡ መታወቂያ አላስያዘም።

ሊቁ፦ አንተ ሰውዬ፣ የመንግሥት ልዑክ ፓስፖርት ቆልፈህ ነው የምትቀልድ? ሰው ያለ ፓስፖርቱ የት ይሄዳል?

ጭምቱ፦ [ካውያውን ያስቀምጣል] እኔስ ምን አልኩ?

ፕሬዚዳንቱ ተጠራ። እየተቆጣ መጣ፤ አሁኑኑ ስጥ ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን ዓይኑ ከመስኮቱ በላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ሄደ። ከስሩ ያለው ፊርማ የራሱ ነው። «ማንም ሰው፣ ፕሬዚዳንቱን ጨምሮ» የሚለውም ቃል የራሱ ነው። በእንግዶች ፊት የገዛ ደንቡን ሊሽር አፈረ፤ ጉዳዩን በመግባባት ጨርሱት ብሎ፣ ስልክ የተደወለለት ይመስል ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወጣ።

ቀጥሎ የመጣው መሪው ራሱ ነበር። ፈገግታው በዚህ ጊዜ ተጠርቶም አልመጣም። አስተርጓሚዋ ከጎኑ ቆማ የሚለውን ሁሉ ትተረጉማለች።

መሪው፦ የሰው ፓስፖርት መያዝ ወንጀል መሆኑን ታውቃለህ?

ጭምቱ፦ የት ሀገር፣ ጌታዬ?

መሪው፦ በየትኛውም ሀገር።

ጭምቱ፦ በእርስዎም ሀገር?

መሪው፦ በእኛ ሀገርማ ከሁሉ በፊት። ፓስፖርት የባለቤቱ ነው፤ ማንም ሊይዝበት አይችልም። ሕጋችን በግልጽ ይላል።

ጭምቱ፦ በአደራ ነው የያዝኩት ቢልስ?

መሪው፦ ባለቤቱ ስጠኝ ካለ ምን አደራ አለ? ያ ሰበብ ነው።

ጭምቱ፦ የያዘው አሠሪው ቢሆንስ?

መሪው፦ [ሰዓቱን እያየ] አሠሪም ቢሆን፣ ንጉሥም ቢሆን። ሰውን ከቤቱ ማስቀረት ነው።

ሊቁ በመሀል ገብቶ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ጓደኛው ልቡ ንጹሕ መሆኑን፣ ጭንቅላቱ ግን ነገር ቶሎ እንደማይገባው ለአስተርጓሚዋ በሹክሹክታ ያስረዳል። ጭምቱ ግን ሰምቶታል።

ጭምቱ፦ እውነቱን ነው፣ ጌታዬ። እኔ ካልተጻፈልኝ ነገር አይገባኝም። እቃው ካልተመለሰ፣ ፓስፖርቱ የሚመለስበትን ምክንያት እዚህ ይጻፉልኝ። ደንባችን ነው። አሁን የነገሩኝን፣ እንዳለ።

መሪው በቁጣ ብዕር ፈለገ። ሊቁ፣ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ፣ የራሱን ብዕር አውጥቶ በሁለት እጁ አቀበለው። መሪው በሀገሩ ቋንቋ ጻፈ፤ አስተርጓሚዋ ከስር ተረጎመች። ማንም ሰው፣ አሠሪም ቢሆን፣ የሌላውን ሰው ፓስፖርት መያዝ በሀገራቸው ሕግ ክልክል መሆኑን፣ ባለቤቱ በጠየቀ ጊዜ ሊመለስለት እንደሚገባ ጻፈ። ሊቁ በትከሻው ላይ አጮልቆ እያነበበ፣ ጎደለው ያለውን አሟላ።

ሊቁ፦ ክቡርነትዎ፣ «ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ» የሚል ይጨመርበት። ለዚህ ሰውዬ ነገር ካልተዘጋለት ሌላ ጥያቄ ያመጣል።

መሪው ጨመረ።

ሊቁ፦ «ምትክ ነገር እስኪገኝ እየተባለም ሊዘገይ አይችልም» ይባል። ማልያው እስኪገኝ ጠብቁ እንዳይል።

ይህም ተጨመረ። መሪው ስሙንና ሹመቱን ጽፎ ፈረመ። ጭምቱ ለመዝገቡ ክብር ሲባል ማኅተም ቢኖር ሲል፣ ውሉን ለማተም የመጣው ማኅተም ከአስተርጓሚዋ ቦርሳ ወጥቶ ከፊርማው ጎን አረፈ። እሷ ገጹን ስትተረጉም ጭምቱን አንዴ ቀና ብላ አይታዋለች፤ ከዚያም አንድ ቃል ሳትዘል ጨረሰችው።

ጭምቱ መሳቢያውን ከፈተ፤ አምስቱን ፓስፖርቶች በሁለት እጁ፣ እጅ ነስቶ መለሰ። መልካም መንገድ ተመኘላቸው፤ ምኞቱም ከልቡ ነበር።

ሊቁ እንግዶቹን አድርሶ ሲመለስ ፀሐዩ አዘቅዝቋል። መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ነው የመጣው። ክለቡን እንዳዋረደው፣ እህቱንም ጭራሽ እንደጎዳት፣ እነዚህ ሰዎች ከእንግዲህ የእሱን ቃል በጭራሽ እንደማይሰሙ ነገረው። ጭምቱ የመዝገቡን ገጽ ብርሃን ወዳለበት አዙሮ በስልኩ ፎቶ እያነሳ ነበር።

ሊቁ፦ ምን እያደረግክ ነው?

ጭምቱ፦ ለእህቴ ልልክላት ነው።

ሊቁ፦ የማልያ መዝገብ ምን ያደርግላታል? እሷ…

[ሊቁ በመስኮቱ ጎንበስ ይላል። ወደ ገጹ ይጠጋል። ያነባል። ራሱ ያስጨመረው መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱን ያሳርፍበታል።]

ሊቁ፦ ይኼን… አስበህበት ነው?

ጭምቱ፦ እኔ መታወቂያ ነው የጠየቅኩት። ሌላውን እሱ ነው የተናገረው።

ሊቁ፦ ቃልህን አይሰሙም ብዬህ ነበር እኮ።

ጭምቱ፦ ልክ ብለሃል። ስለዚህ የሱን ቃል እልክላታለሁ። የዚያ ሀገር ሰዎች እሱን ይሰሙታል።

ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም። አሠሪው መጀመሪያ ወረቀቱን አጣጣለው። እህትየው ፎቶውን ይዛ የሠራተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሄደች፤ እዚያ ያለው ጸሐፊ ፊርማውን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ። ለመሪው ተደወለለት። መሪው የገዛ ማኅተሙን አላውቀውም ማለት አልቻለም፤ የጻፈውም ሕጋቸው ውስጥ ያለ ነው፤ ከዓመታት በፊት ተጽፎ የሚፈጽመው ሰው ሲጠብቅ የኖረ። በአስራ ሁለተኛው ቀን መሳቢያው ተከፈተ። ጭምቱ ወሬውን ሲሰማ «ተመስገን» ብሎ ቁጭ አለ፤ አንድ ማልያ ካውያው ስር ተቃጠለ፤ እሱንም በመዝገቡ ላይ በራሱ ስም መዘገበ።

ፕሬዚዳንቱ ነገሩ ያለ ጩኸት በማለቁ ተደስቶ አውቶቡሱን ፈቀደ። እህትየው ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ስትወጣ፣ ወንድሟ አንገቷን አቅፎ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም። ሊቁ ግን ይናገር ነበር። ሻንጣዋን እየጫነ ስለ ዲፕሎማሲ፣ አውቶቡሱን እያስነሳ ስለ ዓለም አቀፍ ሕግ ነገራት። «ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ» የሚለውን ቃል የማን ጭንቅላት እንዳፈለቀው ሦስት ጊዜ ገለጸላት። እሷ ሁሉንም በትሕትና ሰማች፤ የወንድሟ እህት ናት።

እህት፦ አውቃለሁ፣ ጋሼ። ወንድሜ ስለ እርስዎ ጽፎልኝ ነበር።

ሊቁ፦ [በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ] ጻፈልሽ? ምን ብሎ?

እህት፦ «ፓስፖርትሽ እጅሽ እንደገባ በመጀመሪያው አውሮፕላን ውጪ፤ እንዳትዘገዪ» አለኝ።

ሊቁ፦ ታዲያ እኔ ምኑ ላይ አለሁ?

እህት፦ ከስር አለ፣ ጋሼ። «በሚመጣው ወር ቡድናችን ወዲያ ለወዳጅነት ጨዋታ ይመጣል፤ ሊቁም አብሮ ይመጣል። አንዴ ካመሰገናቸው አይለቁሽም።»

[ጭምቱ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አይታወቅም።]

ሊቁ ዓይኑን ከመስታወቱ ወደ መንገዱ መለሰ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። ከዚያ እሱም ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁን ሳይጨርስ ሰማዩን አየ። ፀሐይዋ ከሕንጻዎቹ ጫፍ ዝቅ ብላለች። እናትየው ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው እንደተቀመጡ ያውቃል። ሲመሽ ዓይናቸው እንደማያይም ያውቃል። ፊት ለፊቱ መንገዱ ለሦስት ይከፈላል፤ ሦስቱንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ እያለ ስንት ጊዜ ፎክሯል። አውቶቡሱን ቀዝቀዝ አደረገና ወደ ኋላ ዞረ።

ሊቁ፦ ወንድሜ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚያደርሰን የትኛው ነው?

ጭምቱ፦ [እንባውን በእጅጌው ጠርጎ፣ ወደ ፊት መጥቶ ከጎኑ እየተቀመጠ] በግራ ያዘው። አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ንዳ፤ ገና ብርሃን ነው።